የመድረክ ባልሽና የቤት ባልሽ

ጫልቱ ኮ፣ የኔ ጫልቱ፣

ከተለየሽኝ ሁለተኛው ክረምት ወጣ። ልጃችን ሰኚ አርጆ ላይ ማስተማር ጀምራለች። ጓሮ የተከልሽው አቮካዶም ዘንድሮ አፈራ። እኔ ግን ተናድጃለሁ፤ ከአንቺ ሌላ የምነግረው ሰው ስለሌለኝ ልጻፍልሽ።

ቴአትር ትሠሩበት የነበረው አዳራሽ ለመንገድ ሊፈርስ ነው ተባለና ነዋሪው እዚያው ለውይይት ተጠራ። ገሚሱ መንገዱ ይስፋ፣ ባጃጅ እንኳ መተላለፊያ አጣ አለ። ገሚሱ ደግሞ የነቀምቴ ልጆች ያደግንበት ቤት እንዴት ይፈርሳል ብሎ ተከራከረ። ከዚያ ገመቹ ተነሣ፤ ያ በመድረክ ላይ ስንት ዓመት ባልሽ ሆኖ የተጫወተው። ሽበቱ አምሮበታል፤ እሱም አናደደኝ። ስላንቺ ሲያወራ ድምፁ ተቆራረጠ። መጋረጃው ሊከፈት ሲል እጅሽ በረዶ ይሆን ነበር አለ። እኔ ይህን አላውቅም ነበር፤ ለምን እሱ ያውቃል?

ሲጨርስ አንዲት አሮጊት ቀርበው እጁን ያዙት። "ዋቅኒ ሲ ሃ ጀጀቤሱ፣ እግዜር ያጽናህ ልጄ። እንደሷ ያለች ሚስት ማጣት ከባድ ነው" አሉት።

እኔ ከኋላው ተቀምጫለሁ። ገመቹ ደንግጦ ወደኔ ዞረ። አፉን ሳይከፍት ቀደምኩትና ተነሣሁ።

"ባሏ እኔ ነኝ" አልኩ።

አዳራሹ ሁሉ ዞሮ አየኝ። ሰብሳቢው አስተያየቴን ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገርሽ፣ ይፍረስ ልል ነበር የሄድኩት። ያ ሰው እጅሽን የያዘበት መድረክ በዶዘር ሲገፋ ባይ ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰዉ ሚስቴ መሆንሽን ሲሰማ ፊቱ ፈካ። አፌ እምቢ አለኝ። ይቆይ ብዬ ተቀመጥኩ።

መንገዱ በሌላ በኩል እንዲዞር ተወሰነ። የአዳራሹ መግቢያ ላይ ከቴአትሩ ፎቶሽን ሰቀሉ፤ በሙሽራ ልብስ፣ ከገመቹ ጎን። የእኛ የሠርግ ፎቶ እንኳ እንዲህ አላማረም። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ፊቴን አዞራለሁ።

አንድ ነገር ግን አለኝ። የእሱን የመድረክ ቃል ሁሉ መጀመሪያ ያልኩሽ እኔ ነኝ። አንቺ ሳፋው ላይ ልብስ ታጥቢያለሽ፣ እኔ በርጩማ ላይ ሆኜ እንድትለማመጂ የእሱን ክፍል ከድርሰቱ አነብልሻለሁ። ያደግኩት የሰፈራ መንደር ውስጥ፣ ከወሎ ከመጡ ሰፋሪዎች ጋር ስለሆነ ኦሮምኛው አልገራልኝም ነበር። "ሲ ሂን ዺሱ" የምትለዋ ጋ ስደርስ፣ አልተውሽም ማለት ነው፣ "ዲሱ" እያልኩ አስቅሽ ነበር። ያኔ ልብሱን ትተሽ፣ አረፋ በነካው እጅሽ አገጬን ይዘሽ፣ ምላሴን የት እንደማሳርፍ ታሳዪኛለሽ። ያ እጅ ሞቃት ነበር።

ይህን እስክሞት አልረሳም። ጠዋት ጠዋት ከቤት ስወጣ ያቺን ቃል እልሻለሁ፤ አሁን አጥርቼ።

ሲ ሂን ዺሱ።