ከቆጮ ጉድጓድ የወጣ ባትሪ

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ሃያ ሁለት የእጅ ባትሪ መጣልኝ። መስታወቱ የተሰበረ፣ ማብሪያው የጠፋ፣ አንዱ ደግሞ ጭራሽ ቦግ ብሎ የሚበራ። ጥፋቱ የኔ ነው። በየሰፈሩ ያስነገርኩት «ያረጀ ባትሪ ያላችሁ አምጡ» ብዬ ነው፤ ሰው ደግሞ ባትሪ ሲባል ቶሎ የሚመጣለት ሲመሽ ይዞት የሚወጣው ነው። «የሞባይል» የምትል አንዲት ቃል ባለመጨመሬ የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ክፍል በእጅ ባትሪ ተሞላ። ኬሚስትሪ ሃያ አራት ዓመት አስተምሬ በአማርኛ ወደቅሁ።

የባትሪ ድንጋይ ያመጡም አሉ። እሱንም ተቀበልኩ። ሰው ከሩቅ ተሸክሞ ያመጣውን መመለስ ነውር ነው።

የሞተ ባትሪ ሰብስቦ የሚወስደው የአዲስ አበባው መኪና የሚመጣው የፊታችን ሰኞ ነው። ሰውየው በስልክ «ሰኞ ካመለጠሽ እንግዲህ ከክረምት በኋላ ነው» ብሎኛል። እስከዚያ ባትሪ እንዲጠራቀምባቸው ያከፋፈልኳቸውን ቆርቆሮዎች መልቀም አለብኝ፦

ዳንኤል፣ መናኸሪያው ጎን ሞባይል የሚጠግነው፤ ሁለት ቆርቆሮ፣ ሁለቱም ሞልተዋል።
ፎንቆ፣ ሱቁ፤ አንድ።
ሞርሲቶ፣ ወዳጄ ታደለች ቤት፤ አንድ።
ትምህርት ቤት፤ አንድ። የእጅ ባትሪዎቹ ሳይቆጠሩ።

ዱራሜ ያለችው ጓደኛዬም እሺ ብላኝ ነበር። እሺዋ እዚያው ዱራሜ ቀረ።

ዳንኤል በፊት የሞተ ባትሪ ሁሉ ሱቁ ፊት ለፊት ያለው ቦይ ውስጥ ነበር የሚወረውረው። ዝናብ ሲመጣ ጠራርጎ ይወስድለታል። አሁን አይወረውርም። ከዓመት ልፋት በኋላ በእርግጠኝነት የምናገረው ድል ይኸው ብቻ ነው።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ፎንቆ። ባለሱቁ ባትሪዎቹን ጣሪያው ቆርቆሮ ላይ ደርድሯቸዋል። የባትሪ ድንጋይ ሲደክም ፀሐይ ላይ እንደሚሰጣው መሆኑ ነው። «ነፍስ ይዘራሉ ብዬ እኮ ነው» አለኝ። ሁለቱ እንደ ትራስ አብጠዋል። ትንሽ ቢቆዩ ነፍስ መዝራት ሳይሆን የሱቁን ነፍስ ያወጡ ነበር።

«ወረቀቱን አላነበብክም?» አልኩት።

«አንብቤያለሁ። እነዚህ ግን ገና አልሞቱም።»

በየቆርቆሮው ላይ የለጠፍኩት ወረቀት ይህ ነው፦ «እሳት ከማይደርስበት፣ ፀሐይ ከማያገኘው፣ ልጆች ከማይነኩት ደህና ቦታ ይቀመጥ።» አጭር ነው፣ ማንም ይረዳዋል። ሦስት ቀን አስቤ ነው የጻፍኩት። ባለሱቁ ባይታዘዘኝም በወረቀቱ አላፍርም።

ባትሪዎቹን ከጣሪያው አውርጄ፣ የብረት ጫፋቸው ላይ ፕላስተር ለጥፌ፣ አሸዋ ውስጥ ከትቼ መጣሁ። በሚኒባሱ ውስጥ ቆርቆሮዬን ታቅፌ ስለተቀመጥኩ አጠገቤ ያሉት ሴትዮ «ማር ነው?» አሉኝ። አዎ አልኩ። ባትሪ ብል ያወርዱኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

ከሞርሲቶ አሁን ገባሁ። እጄን አራት ጊዜ ታጠብኩ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ስደርስ ታደለች ምሳ አዘጋጅታ ነበር። ረቡዕ መሆኑን አስታውሳ ጎመኑን ቅቤ አላስነካችውም። እሷ ፕሮቴስታንት ናት፣ የኔን ጾም ግን ከኔ በላይ ትጠብቃለች። ቆጮው ነጭ፣ ለስላሳ። ሁለት ጊዜ ጨመረችልኝ፣ ሁለት ጊዜ በላሁ። ባሏ አቶ ሄራሞ «እንሰቱ አባቴ የተከሉት ነው» አሉኝ፤ ሙያውን ለታደለች ሳይሆን ለአባታቸው እንድሰጥ።

ከምሳ በኋላ ቆርቆሮውን ጠየቅሁ። ታጥቦ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባትሪውስ?

«እሱ ደህና ቦታ ነው ያለው፤ ነይ ላሳይሽ።»

ወደ ጓሮ ወሰደችኝ። እንሰቱ መሃል ደረስን። እሷና አቶ ሄራሞ ጎንበስ ብለው ትልልቅ ድንጋዮች አነሱ። ከድንጋዮቹ ሥር የእንሰት ቅጠል ተነባብሯል። ታደለች ቅጠሉን አንድ በአንድ ገለጠችው። ከሥሩ እንዲቦካ ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ ነው፣ እስከ መስከረም የሚያደርሳቸው። ቆጮው መሃል፣ በፌስታልና በቅጠል ተጠቅልሎ፣ የኔ ባትሪ።

ክው አልኩ።

ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ቶሎ ቶሎ አስረዳችኝ። «ወረቀትሽ እሳት የማይደርስበት ይላል። ቤታችን የሳር ነው፣ ምድጃው መሃሉ ላይ ነው። ፀሐይ የማያገኘው ይላል። ልጆች የማይነኩት ይላል፤ የልጅ ልጆቼ ደግሞ የማይከፍቱት ነገር የለም። ይህን ድንጋይ ግን አያነሱትም። እኛ ውድ ነገራችንን እዚህ ነው የምናኖረው። ከዚህ የተሻለ ቦታ ካለ ንገሪኝ።»

የለም። ሦስቱንም ያሟላል። ወረቀቴን እንደሷ አክብሮ ያነበበ ሰው አላጋጠመኝም። አራተኛውን፣ ከምግብ ይራቅ የሚለውን፣ ማን ምግብ ውስጥ ይከታል ብዬ ነው ያልጻፍኩት። ተወልጄ ያደግሁት ሆሳዕና ነው፤ አባቴ ከሰሜን በጸሐፊነት ተዛውሮ መጥቶ እዚሁ ቀረ። ቆጮ ስበላ አርባ ዓመት አልፎኛል። ጉድጓዱ ግን አንድም ቀን ትዝ አላለኝም።

ሦስት ሳምንት ነው የቆየው። ፌስታሉ ከድንጋዩ ክብደት የተነሳ ተቀዷል። ሁለቱ ባትሪዎች አብጠዋል፣ አንዱ ተሰንጥቆ ጥቁር ፈሳሽ ወጥቶታል፣ ከባትሪ ድንጋዮቹም ልጣቸው የተበላ አለ። ከሥራቸው ያለው ቆጮ መዳፍ በሚያክል ቦታ ላይ ወደ ግራጫ ሄዷል።

ሁሉንም ለቅሜ አወጣሁ። «እኔ ሌላ ቃል እስክነግራችሁ ከዚህ ጉድጓድ እንዳትበሉ» አልኩ።

ታደለች «ምሳሽስ?» አለችኝ።

ከዚሁ ነበር። ከወዲያኛው ጫፍ።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

የሰኔ ሚካኤል። ጠዋት ተሳልሜ ወደ ፈተና ቁጥጥር። ሆዴ ምንም አልሆነም። ምንም አለመሆኑ ደግሞ ምንም አይነግረኝም፤ እንዲህ ያለው ነገር ዛሬ በልተውት ዛሬ አያምም።

ላቦራቶሪ ውስጥ ለሚሠራ የቀድሞ ተማሪዬ ደወልኩ። እዚህ የሚለካ መሣሪያ የለም አለኝ። ናሙናው አዲስ አበባ ይላካል፣ ወረፋ አለው፣ ውጤቱም ከወር በፊት አይጠበቅም። «ቲቸር፣ ቆጮ ግን ማንም ለክቶ አያውቅም መሰለኝ» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋው ሳቄ አብሮ ተዘጋ።

የማውቀውን ልጻፍ። ባትሪው ውስጥ ኮባልትና ኒኬል ሊኖር ይችላል። ፈሳሹ መርዛማ ነው። የባትሪ ድንጋዮቹ ዚንክና ማንጋኒዝ አለባቸው። ቆጮ ይኮመጥጣል፣ አሲድ አለው፤ አሲድ ብረትን ይበላል። ይህን በየዓመቱ አስተምራለሁ። ፈሳሽ ወደ ታች ይወርዳል፤ ይህንስ ለማወቅ መማርም አያስፈልግ።

የማላውቀው፦ ምን ያህል ወጣ፣ የት ደረሰ፣ ማንን ይጎዳል። ማለትም የሚያስፈልገኝን ሁሉ።

ዳንኤልን አማከርኩት። «ግራጫውን ቆርሶ መጣል፣ ሌላውን መብላት» አለ። የሻገተ ዳቦ መስሎታል። ግን እውነቱን ልናገር፣ ለአንድ ደቂቃ ያህል ምክሩ ደስ አለኝ።

የቆርቆሮውን ወረቀት እንደገና ጻፍኩ። አራት መስመር ሆነ። አሁን ለማን እንደሚጠቅም አላውቅም።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

አቶ ሄራሞ ትምህርት ቤት ድረስ መጡ። ከሞርሲቶ በዝናብ፣ በቦት ጫማ። ጥበቃው አላስገባም ብሏቸው አጥሩ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ታደለች ሁለት ቀን ከጎረቤት ለመነች። ማፈር ጀምራለች» አሉኝ። «ልጆቹ ጉድጓዱ እያለ ለምን አንበላም ይላሉ። አንድ ቃል ንገሪኝ፣ ይበላል ወይስ አይበላም?»

እኔም ማስረዳት ጀመርኩ። ስለ አሲዱ፣ ስለ ብረቱ፣ መሣሪያ ስለመጥፋቱ፣ ስለ ናሙናው። በትዕግሥት ሰሙኝ። ተማሪዎቼ እንዲህ ሰምተውኝ አያውቁም።

«ትምህርቱ ገብቶኛል ቲቸር» አሉ ስጨርስ። «ይበላል?»

«ነገ እቤት መጥቼ እነግራችኋለሁ» አልኳቸው።

ፈራሁ፤ ሌላ ስም የለውም። ብሉ ብል አምስት የልጅ ልጆች አሉ፣ ትንሿ ገና ጥርስ እያበቀለች ነው። አትብሉ ብል ደግሞ ክረምቱ ከፊታቸው ነው፤ ገበያው ላይ ያለውንም ዋጋ የማያውቅ የለም። ያን ሁሉ ርቀት በእግርና በመኪና መጥተው መልስ ሳይዙ ተመለሱ። ጃንጥላዬን ስሰጣቸው አልተቀበሉኝም።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 14

ነገርኳቸው።

መጀመሪያ «አላውቅም» አልኩ። ይህን ቃል ሰው ፊት ስል ምላሴ እንዴት እንደከበደኝ ገረመኝ። ቀጥሎ እንደገና ወደ ማብራራቱ ልገባ ስል ታደለች አቋረጠችኝ።

«አሁን ከዚህ ጉድጓድ አውጥቼ ባቀርብልሽ ትበያለሽ?»

«አልበላም።»

«በቃ» አለች። ተነስታ መቀነቷን አጠበቀች።

አቶ ሄራሞ ከምንጩ ራቅ ብሎ ባህር ዛፉ ሥር ቆፈሩ። ለላም አይሰጥም፣ ወንዝ አይጣልም ብያቸዋለሁ። እኔና ታደለች በቅጠል እየጠቀለልን አመላለስን። ከባድ ነው። አንድ ቤተሰብ ለሦስት ወር የሚበላው እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ግራጫው ቶሎ አለቀ። ከዚያ በኋላ የተሸከምነው ሁሉ ነጭ ነው፣ የሚያምር፣ ሽታውም ደህና። እያንዳንዱን ስጥል ይህኛውስ ምናልባት ምንም አልነካውም ይሆናል እላለሁ።

አቶ ሄራሞ አንድ ጊዜ ብቻ ጭብጥ አድርገው አንስተው አሸተቱት። ከዚያ ለቀቁት።

ታደለች አላለቀሰችም፤ እኔ ነኝ ያለቀስኩት። እሷ «ተይ እንጂ ቲቸር፣ ሰው አልሞተ» እያለች ታጽናናኝ ነበር። መጽናናት የነበረባት እሷ፣ አጽናኟ እሷ። በዚህም አፈርኩ። በኔ ወረቀት ባትሪውን አስገቡ፣ በኔ ቃል ቆጮውን ጣሉ። ለምን እንዳመኑኝ አልገባኝም።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ምንም አልሠራሁም። የተማሪ ወረቀት ላርም ቁጭ ብዬ አንዱን ሦስት ጊዜ አረምኩት። ጥያቄው ስለ አሲድ ነበር።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

መኪናው መጣ፣ ከተባለው ሰዓት በኋላ ቢሆንም። ሰውየው ቆርቆሮዎቹን አንድ በአንድ ከፍቶ አየ፤ ያበጡትን ለብቻ፣ አሸዋ በሞላው ባልዲ ውስጥ አደረጋቸው። ሥራውን ያውቃል። የእጅ ባትሪዎቹን ሲያይ ቀና ብሎ አየኝ። አትጠይቀኝ አልኩት። ከሞርሲቶ የመጡትን ሲከፍት «ይህ ምን ነክቶት ነው እንዲህ የኮመጠጠ የሚሸተው?» አለ። ነገርኩት። ቆይቶ፣ ሞተሩን ካስነሳ በኋላ፣ «ቆጮውን መጣላቸው ጥሩ ነው» አለኝ። «እርግጠኛ ነህ?» አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ።

ከሰዓት በኋላ ታደለች ደወለች። ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎረቤት ሁሉ ከየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ይዞ መጥቷል። ክረምቱን ባያወጣም እስከ ሐምሌ ያደርሳል አለች። አቶ ሄራሞም ዛሬ ጠዋት ከልጆቹ ጋር ስቀዋል። ሳቃቸውን የነገረችኝ ልቤ እንዲያርፍ መሆኑ ገብቶኛል።

ቀጥላ «ለዚህ ግን አይደለም የደወልኩት» አለችኝ። ወሬው ሞርሲቶን አዳርሶታል። ሰው ደንግጦ ከአልጋ ሥርና ከሳጥን ያለውን የሞተ ባትሪ ሁሉ እያወጣ ይዞላት እየመጣ ነው። እኔ በዓመት ያልሰበሰብኩት በሁለት ቀን ደጇ ላይ ተቆልሏል። መኪናው ደግሞ ሄዷል።

«ወደ ቤት አላስገባሁትም» አለች። «ደጅ ነው ያለው፣ ጣውላ ከድኜበታለሁ። ዝናቡ እየመጣ ነው። የት ላድርገው?»

መልሱ አፌ ላይ ነበር። ደረቅ ቦታ፣ ከምግብ የራቀ፣ እንዲህ፣ እንዲያ። አፌን ያዝኩ። ቤቷን ስንት ጊዜ ገብቼ በልቼበታለሁ፤ ምን የት እንደሚቀመጥ፣ ልጆቹ የት እንደሚተኙ፣ ውሃው በየት በኩል እንደሚወርድ ግን አንድም ቀን ልብ ብዬ አላየሁም።

«እኔ አላውቅም» አልኳት። በሁለተኛው ጊዜ ትንሽ ቀለል ይላል። «እኔ እስክመጣ ጣውላውን እንዳታነሺ። ቤቱን ዙሪያውን አሳዪኝና አብረን ቦታ እንፈልጋለን።»

«አሁን ነው የምትመጪው?»

በመስኮት አየሁ። ሰማዩ በሞርሲቶ በኩል ጠቁሯል።

«አሁን» አልኳት። ጃንጥላዬን ይዤ እየወጣሁ ነው።