ልፋት ያላልኩት ሥራ

ሰኞ፣ ታህሳስ 6
ገብስ ይዤ ሰቆጣ ወረድኩ። ወፍጮ ቤት ደጅ ጎረቤቴ ይመኙሻል አገኘችኝ። ጆንያዬን ገልጣ አየች።
«አያ ቢምረው፣ ሳይለቀም? እንክርዳድ እኮ ሞልቶታል! ያዞርዎታል።»
«ይፈጭ።»
«ይስጡኝ እኔ ልልቀምልዎ። ልፋቱን ለኔ ይተዉት።»
ልፋት? ልፋት እርሻ ነው። አጨዳ ነው። ጥላ ሥር ተቀምጦ ወሬ እያወሩ ልፋት የለም አልኳት።
«ወለተጊዮርጊስ ይህን ብትሰማ...»
ሰምታለች። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አለፋት እንጂ፣ ስንቴ ብያታለሁ።

ረቡዕ፣ ታህሳስ 8
ቀትር ላይ ቂጣዬን በሽሮ በላሁ። ትንሽ ቆይቶ ቤቱ ቀስ ብሎ ዞረ... ግድግዳው እንደ ውሃ ሆነ። ምሰሶውን ይዤ ተቀመጥኩ። ወለተጊዮርጊስ በሩ ላይ ነበረች። ሰፌድ ታቅፋ ትለቅማለች። ጣቷ ብቻ ይሄዳል፣ ይሄዳል... ጠራኋት። ቀና አላለችም።
ራሴን አመመኝ። ግን እንዴት ደስ አለኝ!

ሐሙስ፣ ታህሳስ 9
እንክርዳዱ ነው። አውቃለሁ። ደግሜ በላሁ።
መጣች። «ተይው፣ አጠገቤ ተቀመጪ» አልኳት። «ማን ሊለቅመው?» አለች። እጇ አላረፈም።

ቅዳሜ፣ ታህሳስ 11
ደጃፍ ላይ ወደቅሁ። ግንባሬ ተፈነከተ። ይመኙሻል ደግፋ አስገባችኝ።
«ሊሞቱ ነው እንዴ?» ዱቄቱን ልትደፋ ተነሳች።
«እንዳትነኪው! ... እሷ ትመጣለች።»
ዱቄቱን ትታ ተመለሰች። «በሕይወት ሳለች ስንት ቀን ዞረዎት?» አለችኝ።
አንድም ቀን። አርባ ሁለት ዓመት።

እሑድ፣ ታህሳስ 12
ይህን ሳስብ ዋልኩ። አርባ ሁለት ዓመት፣ አንድ አንድ ፍሬ። ማን አየላት? ሳይዞረኝ የዋልኩበትን ቀን ማን ቆጠረ? በልቼ ተነሳሁ እንጂ...

ማክሰኞ፣ ታህሳስ 14
ዱቄቱን ደፋሁ። ከጎተራ ሌላ ገብስ ቀዳሁ፣ ሰፌዱን አወረድኩ። እንክርዳድ ቀጭን ነው፣ ከገብሱ መሀል ይሸሸጋል። ዓይኔ አነባ። ወገቤ ተቆረጠ። እርፍ ይዤ እንዲህ ደክሞኝ ያውቃል? እንጃ።
ሰጠኝ የሚባለው የላይ ቤቱ ጎረቤቴ በደጅ ሲያልፍ አየኝ።
«ምነው አያ ቢምረው፣ ሴት ሆኑ?»
«እየለፋሁ ነው። እለፍ!»
የለቀምኩት እንክርዳድ እፍኝ ሞላ። በእጄ እንደያዝኩ ቆየሁ... ትንሽ ባስቀርስ? ለአንድ ቀን ብቻ?
እሳት ውስጥ ጨመርኩት።

ሐሙስ፣ ታህሳስ 16
ያን የለቀምኩትን አስፈጭቼ ዛሬ ጋገርኩ። በላሁ። ቤቱ አልዞረም። ግድግዳው ግድግዳ ነው።
በሩን እያየሁ ዋልኩ። ፀሐይ ብቻ ገባች።