እርፉን የጨበጠው ሰው

ሰበታ፣ ኅዳር 19 ቀን

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? ባለቤትህ ደህና ናት? ልጆቹስ? የትንሿ ሳል ለቀቃት ወይስ አሁንም ሌሊት ያስነሳችኋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልህ እበላለሁ፣ እሠራለሁ፣ ሰው ሲያገኘኝ ሰላም እላለሁ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈውን በዚህ ወረቀት እነግርሃለሁ።

ከሰበታ ቡራዩ በሁለት ታክሲ ይደረሳል፣ ምን ያስጽፋታል እንደምትል አውቃለሁ። ሦስት ጊዜ ደወልኩልህ። ሁለቱን አላነሳህም፣ በሦስተኛው ስብሰባ ላይ ነኝ ብለህ ዘጋህ። ብታነሳውም ድምፅህን ስሰማ የያዝኩትን ነገር ትቼ ስለ ልጆቹ መጠየቄ አይቀርም ነበር። ስለዚህ ጻፍኩ። ለባለቤትህም አልሰጠኋትም። ፖስታውን አሽጌ በእጅህ እንዲደርስ አድርጌያለሁ።

ሥራዬን ታውቃለህ፣ ግን እንዴት እንደምውል ነግሬህ አላውቅም። ካሜራውን በነጠላ ጠቅልዬ ከዘንቢል ውስጥ እከተዋለሁ፤ በታክሲ ውስጥ ገበያ የምሄድ እመስላለሁ። አንድ ቀን እዚሁ ሰበታ፣ ከፋብሪካው በር ላይ ፈረቃ ሲቀየር የሚወጡትን ልጆች አነሳለሁ፤ በሌላው ቀን ገፈርሳ፣ በሌላው ሱሉልታ። ሦስት ዓመት ሙሉ ከተማዋን ዙሪያዋን ስዞራት ከሰው የምሰማው የመጀመሪያ ጥያቄ አንድ ነው፦ ማን ላከሽ? ባለፈው ክረምት ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ ባሕር ዛፍ የሚቆርጡ ሰዎች ካሜራዬን ነጥቀው ግማሽ ቀን አስቀመጡኝ። ማንም እንዳልላከኝ ብምልም አላመኑኝም። አንዱ ሽማግሌ መጀመሪያ ካሜራ ይመጣል፣ ከዚያ መሬት የሚለካ ሜትር ይመጣል አሉኝ። በልቤ ተቆጣኋቸው። ዛሬ ግን አልቆጣም።

ይህን ሥራ ለምን እንደያዝኩ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ። መናገሻ በልጅነታችን፣ በጥምቀት ሰሞን የሚመጣውን ፎቶ አንሺ ታስታውሳለህ? አውሮፕላን የተሣለበት መጋረጃ ዋርካው ላይ ይሰቅል ነበር። ሰው ሁሉ ተራ በተራ እየቆመ፣ እጁን አድርቆ፣ ትንፋሹን ይዞ ይነሳል። እኔ ዓይኔ ከመጋረጃው ፊት ከቆመው ላይ አልነበረም። ተራ የሚጠብቁትን ነበር የማየው። እግሯን የምትታጠበው፣ ከጎረቤቱ ጫማ የሚዋሰው፣ የልጇን ንፍጥ በቀሚሷ ጠርዝ የምትጠርገው። እነዚያን የሚያነሳ አልነበረም። አንተ የመጀመሪያውን ካሜራዬን ከመርካቶ ገዝተህ ስታመጣልኝ ለራሴ የማልኩት በዚያ ምክንያት ነው፦ እኔ ሰው አላቆምም፤ እንዲህ ሁን፣ ወደዚህ ዙር አልልም። ያለውን ብቻ አነሳለሁ ብዬ።

አንድ ቀን ብቻ መሐላዬን አፈረስኩ።

በግንቦት ሱሉልታ ሄጄ ነበር። አዴ ደጊቱ የሚባሉ ባልቴት አሉ፣ ባላቸው ከሞቱ ሁለት ዓመት ሆኗቸዋል። ልጅ የላቸውም። መሬታቸውን በእኩል፣ ምርቱን ለሁለት እየተካፈሉ የሚያርሱላቸው ኦቦ ኢቲቻ የሚባሉ ጎረቤት ናቸው። የመሬቱ ደብተር እስካሁን በሟች ባላቸው ስም ነው። ያን ዕለት ኦቦ ኢቲቻ እያረሱ ነበር። ከኋላ ብታነሺኝ አልጠላም፣ ፊቴን ግን አልሰጥሽም አሉኝ። ከኋላ አነሳኋቸው። ከዚያ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደመናው ተሰንጥቆ ብርሃን በበሬዎቹ ቀንድ ላይ ወረደ። እንዲህ ያለ ብርሃን በዓመት አንዴም አይገኝም። እኔ ደግሞ የፈለግሁት ፊት ነበር።

በዚያ ሰዓት ድሪርሳ በመንገዱ ላይ ሲያልፍ ቆመ። የሟቹ የወንድም ልጅ ነው፣ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። መልከ መልካም ነው። ወንድሜ ሆይ፣ እኔ በራሴ አፍ፣ እባክህ እርፉን አንዴ ያዝልኝ አልኩት። ሳቀ፣ ያዘ፣ ጅራፉንም አነሳ። ነጭ የከተማ ጫማውን ፈሩ እንዲሸፍንልኝ ዝቅ ብዬ አነሳሁት። ከአንድ ደቂቃ አልበለጠም። እርፉን ለኦቦ ኢቲቻ መልሶ ሄደ።

የዓመቱ ምርጥ ፎቶዬ እሱ ሆነ። የግራ ጎኑን ቆርጬ በቴሌግራም ገጼ ላይ ለጠፍኩት፣ ሰው ሁሉ ወደደው። አንተም ደወልክልኝ። ያን ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ አልነገርኩህም። ሳይቆረጥ ሙሉውን ላኪልኝ፣ በትልቁ አሳትሜ ቢሮዬ ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ አልከኝ። የት እንደተነሳም ጠየቅኸኝ። ከአስፋልቱ ምን ያህል እንደሚገባ፣ የማን ማሳ እንደሆነ፣ ሁሉንም ነገርኩህ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ወንድሜ ሥራዬን ግድግዳው ላይ ሊሰቅለው ነው ብዬ።

በጥቅምት መጨረሻ ለአዴ ደጊቱ ያን ዕለት ያነሳኋቸውን የራሳቸውን ፎቶ አሳትሜ ይዤ ሄድኩ። ያነሳሁትን ሰው ፎቶውን ሳልሰጥ ቀርቼ አላውቅም። አዴ ደጊቱ ከአጥሩ አላሳለፉኝም። ሰላምታዬንም በግማሽ ነው የመለሱት። ማን ነው የላከሽ አሉኝ፣ እንደ ገፈርሳዎቹ።

ነገሩን እዚያው እንደቆምን ነገሩኝ። ድሪርሳ፣ አጎቴ ከሞተ ጀምሮ ያን መሬት የማርሰው እኔ ነኝ፣ በውርስ ይገባኛል ብሎ ሽማግሌ ፊት አቅርቧቸዋል። ማስረጃህ ምንድን ነው ሲሉት በትልቁ የታተመ፣ መስታወት የገባ ፎቶ አወጣ። እርፍ ጨብጦ፣ ጅራፍ አንስቶ። ሽማግሌዎቹ ተቀባብለው አዩት። አዴ ደጊቱ የነገሩኝ ከልቤ አይወጣም፦ "ያን ቀን እዚያው ቆሜ ነበር፣ በዓይኔ አይቻለሁ። ሥዕሉን ሲያሳዩኝ ግን ለትንሽ ጊዜ ራሴን ተጠራጠርኩ።"

ገዢም አለ አሉ። መጋዘን ሊሠራበት የሚፈልግ፣ በነጭ ፒካፕ የመጣ፣ ከድሪርሳ ጋር ማሳውን ዞሮ ያየ ሰው። ምን ዓይነት ሰው ነው ብዬ ጠየቅኋቸው። ክፉ አይመስልም አሉኝ፣ ትሑት ነው፣ ኦሮምኛውም ያማረ ነው፣ ሲስቅ አፉን በእጁ ይሸፍናል። እንዲህ ያለ ሰው በአገሩ ብዙ ነው አልኳቸው።

ለምኛቸው ወደ ሰብሳቢው ሽማግሌ ቤት ወሰዱኝ፣ ፎቶው እዚያ በአደራ ተቀምጧል። አየሁት። የኔው ነው። አስተውዬ ሳላየው፣ ተናድጄ ተመለስኩ።

መጀመሪያ የጠረጠርኩት ሕዝቅያስን ነው። እዚህ ሰበታ ፎቶዎቼን የሚያትምልኝ የሆሳዕና ልጅ ነው፤ ጸሎት ቤቱንና ሥራውን ብቻ የሚያውቅ። ፍላሼ እሱ ጋ ይውላል፣ ሌላ ማን ሊሆን ይችላል አልኩ። ሱቁ ድረስ ሄጄ ደንበኛ ፊት ሌባ አልኩት። ኮምፒዩተሩን አዙሮ ከእኔ የተቀበለውን ፋይል ከፈተልኝ። የተቆረጠው ነው። በግራ በኩል ምንም የለም። ያን ጊዜ ነው ሽማግሌው ቤት ያየሁት ትዝ ያለኝ፦ በዚያኛው ላይ የአዴ ደጊቱ ቆርቆሮ ቤትና የወሰኑ ድንጋይ ክምር ይታያል። ሙሉው ነው። ሕዝቅያስ ምን አለኝ መሰለህ? "እኔ ከሩቅ ስለመጣሁ ነው ከሁሉ አስቀድመሽ የጠረጠርሽኝ። የራስሽን ሰው ጠይቀሻል?"

ይቅርታ ጠየቅኩት። ይቅር ብሎኛል፣ ግን እንደ በፊቱ አይስቅልኝም።

ቤቴ ገብቼ ሙሉውን ፎቶ ለማን ለማን እንደላክሁ አየሁ። አንድ ስም ነው ያለው።

ወንድሜ፣ ያን ዕለት ስንት ምክንያት እንደፈለግሁልህ ብታውቅ። ስልኩን ሰው ነክቶበት ይሆናል አልኩ። ያሳተመበት ቤት ሰርቆት ይሆናል አልኩ። በፋሲካ ምሳ ላይ ለሲሚንቶውና ለብረቱ መጋዘን ቦታ አጣሁ ስትል የሰማሁትንም፣ ቦታ ያጣ ነጋዴ አንተ ብቻ አይደለህም ብዬ አለፍኩት። ረቡዕ ዕለት ቢሮህ መጣሁ። አልነበርክም፣ ጸሐፊህ ሻይ አቀረበችልኝ። ግድግዳው ላይ የቀን መቁጠሪያ ብቻ ነው ያለው። ምስማር የተመታበት ቦታ እንኳ ፈለግሁ። ከዚህ በፊት ተሰቅሎ የወረደ ነገር አለ ወይ ብዬ ልጠይቃት ፈልጌ መልሱን ፈራሁ። ሻዩን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። እኔ ራሴ አስፈቅጄ ቆምኩ። ያን ቀን ያነሳኋቸውን ሁሉ በተራቸው፣ ከነሰዓታቸው አሳትሜ ይዤ ነበር። ኦቦ ኢቲቻ ከኋላ ሲያርሱ፣ ድሪርሳ በመንገድ ላይ ቆሞ ሲያይ፣ እርፉን ሲቀበል፣ ሲመልስ። ሲመልስ ባነሳሁት ላይ ነጭ ጫማው ይታያል። አንድ ሽማግሌ ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አይተው፣ በዚህ ጫማ የሚታረስ መሬት አላውቅም አሉ። ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። እርፉን ያዝ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ውሸቱ ከእኔ ነው የጀመረው ብዬ ተናገርኩ። ድሪርሳ መሬት መሬት ያይ ነበር። ለአዴ ደጊቱ ፈረዱላቸው። ደብተሩም በስማቸው እንዲዞር ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ሄደው ሊመሰክሩ ቃል ገቡ።

ከዚያ ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞሩ። ፎቶው ያንቺ ከሆነ ለድሪርሳ ማን ሰጠው አሉኝ። ድሪርሳን ቀድመው ጠይቀውት ገዢው ሰጠኝ ብሏል፤ ስሙን ግን አልተናገረም። ሰው ሁሉ አየኝ። አላውቅም አልኩ።

ስንበተን አዴ ደጊቱ አጠገቤ መጡ። ይመርቁኛል ብዬ ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ቀስ ብለው፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ፣ "ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ስለ እርፉ እውነቱን ተናገርሽ። ስለ ሰጪው ግን አልተናገርሽም" አሉኝ። ያመጣሁላቸውንም ፎቶ አልተቀበሉኝም። ሌላ ጊዜ ይሻላል አሉ።

ከዚያ ወዲህ ካሜራውን አልነካሁም። ፋብሪካው በር ላይ ያሉት ልጆች ዛሬስ አታነሺንም ወይ ሲሉኝ ባትሪው ሞቷል እላለሁ። ማን ላከሽ ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ከእንግዲህ ምን እንደምመልስ አላውቅም። ሦስት ዓመት ማንም አልላከኝም ስል እውነቴን ነበር።

ሽማግሌዎቹ ከታኅሣሥ ገብርኤል በፊት ባለው እሑድ እንደገና ይቀመጣሉ፤ ሰጪው እስኪታወቅ ነገሩ አልተዘጋም ብለዋል። እኔንም እንድመጣ ጠይቀውኛል። እመጣለሁ ብያለሁ።

አንተን ምንም አልጠይቅህም። ታላቄ ነህ፣ አባታችን ከሞተ ወዲህ ለእኔ አባት ነህ፤ በሰው ፊት ስምህን መጥራት አፌ አይችልም ብዬ እሑድ ዝም አልኩ። ዝም ማለቴ ግን ያሳደግኻትን ልጅ አላስመሰለኝም። አላውቅም ማለት አንዴ ቻልኩ፣ ሁለተኛ አልችልም። ሰብሳቢው ቤታቸው ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ ሲገባ ሦስተኛው ነው፤ መንገዱን ሳታውቀው አትቀርም። ከዚያ እሑድ በፊት የሚሄድ ሰው ካለ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ ካላለ፣ ሰበታ መጥቶ ይጥራኝ። ጫማዬን አድርጌ አብሬው እወጣለሁ፣ በመንገድም አንድ ቃል አልጠይቀውም።

እግዚአብሔር ቤትህን ይጠብቅልህ። ለልጆችህ ዕድሜ፣ ለአንተ ደግሞ ቀና ብለህ የምትሄድበት መንገድ ይስጥህ። የአባታችን አምላክ ከሁለታችን አይለይ። ትንሿን በእኔ ስም ሳማት፣ ለሳሏም ማሩን በሙቅ ውኃ ስጧት።

እስከዚያ እሑድ በየቀኑ የምጠብቅህ፣
ታናሽ እህትህ