ቤቴን ኩሬ ላደረገው ስም

ለተከበሩ አቶ ማቲዎስ
የይዞታ ማህደር ክፍል ኃላፊ
ጭሮ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኔ ቢሮዎ ሰባት ጊዜ ከተመላለሰው ጉልበቴ በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ። ሉባባ እባላለሁ፤ ከመናኸሪያው ጀርባ ልብስ እሰፋለሁ፤ ባለ ሁለት ክፍል ቤት አለኝ፣ ወይም ነበረኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. በየወረዳው ዲስክ ላይ መዝገብ የሚቀመጥበት ክፍልፋይ ሁሉ «ማህደር» ተብሎ እንዲሰየም፣ ለወጥነት ሲሉ ሰርኩላር ስላስተላለፉ አመሰግናለሁ። የጎረቤታችን የሚኤሶ ወረዳ ዲስክ ለጥገና መጥቶ ከጭሮው ጋር አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሰካ፣ ኮምፒውተሩ «ማህደር» የሚባለውን እንዲከፍት ታዟልና ቀድሞ ያገኘውን ከፈተ። የእኔን መዝገብ ቁጥር 214 ሲጠይቁት የሚኤሶን 214 አወጣ። እርስዎም ቤቴ የግመል ማጠጫ ኩሬ መሆኑን በማህተም አረጋገጡልኝ።

፪. የኮምፒውተር ባለሙያዎ አቶ እንዳሻው፣ እያንዳንዱ ክፍልፋይ ሲዘጋጅ የሚሰጠው፣ ከሌላው ጋር የማይገጥም ረጅም መለያ ቁጥር እንዳለው፣ ኮምፒውተሩ በስም ፋንታ በዚያ እንዲፈልግ ቢደረግ ነገሩ በአምስት ደቂቃ እንደሚያልቅ ሲያስረዳዎ ቆሜ እሰማ ነበር። «ስም እያለ ይህን ሁሉ ቁጥር ማን ይሸመድዳል?» አሉት። እውነትዎን ነው፤ ኮምፒውተር ቁጥር መያዝ እንደሚችል ማን ነግሮን ያውቃል።

፫. በዚያው ቀን ስሜን ብነግርዎ፣ ጭሮ ውስጥ ሦስት ሉባባ አህመድ ስላለን ስም ብቻውን አያስተማምንም ብለው የመታወቂያ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ለእኔ የተጠነቀቁትን ያህል ለዲስኩ ቢጠነቀቁለት ኖሮ ቤቴ ውሃ ባልገባው ነበር።

፬. በደጄ የሚያልፈው መንገድ ሲሰፋ ፈርሰው ምትክ ቦታ የሚያገኙ ቤቶች ዝርዝር ዓርብ ይዘጋል፤ ለኩሬ ደግሞ ምትክ እንደማይሰጥ ተነግሮኛል። እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀ። ሦስት ልጆች ያሳደግሁበት ቤት ነው፤ ፈርቻለሁ።

ወጥነትዎን አላህ ያብዛልን እያልኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሳለሁ።

ሉባባ አህመድ
ከሦስቱ፣ ኩሬ ያላት

ማስታወሻ፦ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭ፣ ሰርኩላርዎን አክብሬ «ለማህደር ኃላፊ» ብዬ ብቻ ለሚኒባስ ሾፌር ሰጥቼው ነበር፤ ሚኤሶ ወስዶት የዚያው ኃላፊ ቀድመው ከፈቱት። ዛሬ ጠዋት ደውለው ኩሬያቸውን የት እንዳደረስኩት ጠየቁኝ። እርስዎ ዘንድ መሆኑን ነግሬያቸዋለሁ፤ ስልክ ቁጥርዎን ሲጠይቁኝ ግን ስምዎ ይበቃል ብያቸዋለሁ።