ካሴቱ እስከ መጨረሻው ሲጫወት

ይድረስ ለምሳሳልህ ወንድሜ፣ ለጋሼ፤

እንዴት ነህልኝ? ወገብህስ እንዴት አደረገህ? ያ ክረምቱን ሙሉ ደጅ ሲጠናህ የከረመው ሳልስ ለቀቀህ? እትዬስ ደህና ናት? ልጃችንስ? ሱቁስ፣ ጎረቤቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከመቆም ብዛት ማታ ማታ እግሬ ከማበጡ በቀር ደህና ነኝ። ናፍቆትም በሽታ ነው ካልከኝ ግን አልጋ ከያዝኩ ቆይቻለሁ። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል፣ እመጣበታለሁ።

የምሠራበት የሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ምድር ቤት እንደሆነ ነግሬሃለሁ። አንሶላ እንተኩሳለን፣ እናጥፋለን፣ ደግሞ እንተኩሳለን። ባለፈው ሳምንት የማሽን ጠጋኛችን፣ ሽበታም ቀልደኛ ሰው ነው፣ ማድረቂያውን ፈታትቶ ሲሠራ ስፒከሩን መደርደሪያ ላይ አስቀመጠና ሙዚቃ ከፈተ። ድራሙ ሦስቴ ሲመታ ካውያውን እንደያዝኩ ደርቄ ቀረሁ። ያንተ መሞከሪያ ካሴት ነው ጋሼ። በፈረንጆች ሰማንያዎቹ የወጣው፣ የእነዚያ ጸጉራቸውን እንደ ሙሽራ የተሠሩት ሰዎች የሮክ አልበም።

የጠገንከው ቴፕ ሁሉ በዚያ ካሴት ካልተፈተነ ከሱቅህ አይወጣም ነበር። ይሄ አልበም ተወልውሎ የተሠራ ነው፣ ጉድፍ ከተሰማ ጥፋቱ የቴፑ እንጂ የካሴቱ አይደለም ትል ነበር። የሰፈሩ ሰውም ድራሙን ሲሰማ የአንዱ ቴፕ እንደዳነ ያውቃል። አዝማቹ አንዴ እንደተባለ ግን ካሴቱ እንዳያልቅብህ ጠቅ አድርገህ ታቆመውና በእስክሪብቶ ወደ ኋላ ታጠነጥነዋለህ። እኔም ከጠረጴዛህ ሥር ብሎን እየለቀምኩ ያደግሁት በአንድ ዘፈን መግቢያ ነው። ገልብጠህ ሌላውን ጎን አጫውተህልኝ አታውቅም፣ እኔም ጠይቄህ አላውቅም።

እዚህ የሚያቆመው ሰው አልነበረም። አዝማቹ አለፈ፣ ጠቅታህን ስጠብቅ ሁለተኛው ዘፈን ገባ። እውነቱን ልንገርህ፣ አንዳንዱ ያሰለቻል፤ ማርም ሲበዛ ይመራል። ኪቦርዱ ያብለጨልጫል፣ ድራሙ ባዶ አዳራሽ ውስጥ እንደተዘጋ በር ያስተጋባል፣ ዘፋኙም ስታዲየም ሙሉ ሰው ፊቱ የቆመ ይመስለዋል። ጠጋኛችን ራሱ፣ በወጣትነታችን ይሄን የሚሰማ ጉረኛ ይባል ነበር ብሎ ሳቀ። መጨረሻው ላይ ግን አንድ ዝግ ያለ ዘፈን አለ። ያ ሁሉ ጩኸት ወጥቶ ጊታሩና ሰውዬው ብቻቸውን ይቀራሉ። ቃሉ አልገባኝም፣ ግን አለቀስኩ። አንተ አጠገቤ ስለሌለህ ነው ያለቀስኩት።

በምሳ ሰዓት ደወልኩልህ። ምንም ሳልናገር ያችኑ የመጀመሪያዋን ዘፈን አስከፈትኩና ስልኩን ወደ ስፒከሩ አስጠጋሁት። በሁለተኛው ምት ሳቅህን እሰማለሁ ብዬ ነበር። አንተ ግን መስመሩ ይንጫጫል፣ በኋላ ደውዪ ብለህ ዘጋኸው። ያን ጊዜ ነው የከረመው ነገር ሁሉ የተገጣጠመልኝ። ታምሜ ነበር ስልህ እሰይ፣ ጎሽ ያልከኝ፣ ምንም ብጠይቅህ ደህና ነን፣ ደህና ነን እያልክ የምትሸኘኝ ለካ ለዚህ ነው። ልጅህ ጋ ደውዬ አስጨነቅኋት። የግራ ጆሮህ እንደተዘጋ፣ ቀኙም እየተከተለው እንደሆነ ነገረችኝ። እንዳትቆጣት። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም።

ጋሼ፣ የተበላሸ ቴፕ ቤቱ አስቀምጦ የሚከርም ደንበኛ ላይ ትቆጣ የነበርከው አንተ ነህ። ታዲያ የራስህን ምን ብለህ አስቀመጥከው? እባክህ ከልጅህ ጋር ሐኪም ቤት ሂድ። እኔም ፈቃድ ጠይቄ ተፈቅዶልኛል፣ በታኅሣሥ እመጣለሁ። ያንተ ካሴት አርጅቶ እንደሆነም አልበሙን ይዤልህ እመጣና ሱቁን ዘግተን ሁለቱንም ጎን እስከ መጨረሻው እንሰማዋለን። የቀረው ጆሮህ ከበቃ አብረን፣ ካልበቃ ደግሞ እኔ እየሰማሁ እነግርሃለሁ። መስማት ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ድምፅህ ናፍቆኛል፤ የጠየቅሁህን የሚመልስልኝ ድምፅህ ማለቴ ነው።

ልጃችንን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ በርቺ ብላሻለች በላት። ጎረቤትህን ጫማ ሰፊውን ሰላም በልልኝ፤ ያን ሳንቲም የማያወጣ ቴፑን ዛሬም ካልጣለው አደራ እንዳትጠግንለት። እትዬን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ። ዘንድሮ ሚስቴ ጩኸት አበዛችብኝ፣ ሳትጠላኝ አልቀረችም ብለህ እንደተከፋህ ሰምቻለሁ። ተቆጥታ አይደለም ጋሼ፤ እንድትሰማት ነው።

ታናሽ እህትህ
ከምድር ቤቱ መተኮሻ ክፍል
ጥቅምት ፲፩ ቀን