የክብሩን ኮምፒውተር እንዳትነቅለው

ከድር፣

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ከሃያ ላይ የክብሩ የዓሣ ማዘዣ ፕሮግራም እሱ ራሱ የጻፈለትን ፈተና ሁሉ አለፈ። ኮምፒውተሩ አሁን ቀን ከሌት የሚሠራ ሰርቨር ሆኗል፤ አዲስ ኮድ በገባ ቁጥር ራሱ ይገነባል፣ ራሱ ይፈትሻል። ክብሩ ሳይጨርሰው አረፈ፤ እኔ ከዩቲዩብ እያየሁ ጨረስኩት።

መጨረሻ ላይ አላልፍ ያለኝ ፈተና ምን ይላል መሰለህ? «ከድር ሁለቴ ቢያዝም አንዴ ብቻ ይመዝገብ።» ሆዳም አድርጎ ፈትኖሃል። ብቻዬን ስንከተከት ወይዘሮ ብርሃኔ ከጎረቤት መጥተው «ምን ሆንክ ልጄ?» አሉኝ።

ስልክህን በሌላ ሶኬት ቻርጅ አድርግ።
መብራት ሄዶ ሲመጣ የኮምፒውተሩን ማብሪያ ተጫንለት።

ከለቅሶው ማግስት «ኮምፒውተሩን ፈታተን ዕቃውን እንካፈል» ስትል ዝም ያልኩት ተስማምቼ አይደለም።

እህቱ ጽጌሬዳ ጋ ደወልኩ። «እዚያው እናንተ ቤት ይቆይ» ብላለች።

ኢያኤል