ከሟቹ የቢስና አባት፣ ለገዳዩ ዳይሬክተር

ለክቡር አቶ ቲርታ ራጅ ኡፕሬቲ፣
የ«ማለዳ ጤዛ» የሙት ልጆች ማሳደጊያ ዳይሬክተር፣
ካትማንዱ፣ ኔፓል።

ክቡር ሆይ፣ ከነመላ ቤተሰብዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከሞትኩ ሦስት ዓመት ቢያልፈኝም፣ ከጉልበቴ ቁርጥማት በቀር ደህና ነኝ። ደብዳቤው ለሁሉም የተከፈተ ነውና አንባቢ ግራ እንዳይገባው፣ ስሜ ጃያላል ሮካያ ይባላል፤ በሁምላ ተራሮች መካከል ባለች መንደር የአንደኛ ደረጃ መምህር ነኝ። በእርስዎ መዝገብ ግን ከገደል ወድቄ የሞትኩ የቢስና አባት ነኝ።

ምስጋናዬን በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

1ኛ. በገዛ እጄ ፊርማ ስለ ገደሉኝ አመሰግናለሁ። መልእክተኛዎ መንደራችን መጥቶ፣ «ጋሼ መምህር፣ ልጅቷ ከተማ ገብታ በነጻ ትማራለች፤ እዚህች ጋ ብቻ ይፈርሙልኝ» ሲለኝ፣ ወረቀቱ በእንግሊዝኛ ነበር። ለመንደሩ ሁሉ ደብዳቤ የማነብ ሰው «ይህን አላውቅም» ማለት አፍሬ ፈረምኩ፤ ያውም አሳምሬ። አሥራ አንድ ጎረቤቶቼም «መምህሩ ከፈረመማ» ብለው በየልጆቻቸው ወረቀት ላይ አውራ ጣታቸውን አተሙ። የእኔው ለካ «አባቷ ስለ ሞተ፣ እናቷም ሌላ አግብታ ስለ ጠፋች፣ እኔ አጎቷ አስረክቤያለሁ» ይል ኖሯል። ይህንን ያወቅኩት ባለፈው ወር ነው።

2ኛ. በዚያው ወር ሦስት ቀን በእግር፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዤ ልጄን ልጠይቅ ስመጣ ስላደረጉልኝ አቀባበል ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከባሕር ማዶ የመጡ በጎ ፈቃደኞች በግቢው ስለ ነበሩ «አጎቷ ነው» ብለው አስተዋወቁኝ። ሎተ የምትባል ወጣት አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ስታለቅስ፣ እርስዎ ተረጎሙልኝ፦ «ቢስና ሕይወቴን ለወጠችው ትላለች። ከእንግዲህ አገሯ ስትገባ በትንሽ በትልቁ አታማርርም።» ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም እንዲሉ፣ የሎተ እንባ የምር ነበርና በእሷ አልፈርድም፤ የተዋሸችው እንደ እኔው ነው። በአሥራ አራት ቀን ውስጥ ሌላ ሰው ሆናለች። ቢስና እንደ ነገረችኝ ከሎተ በፊት ሠላሳ ሰባት ሰዎች እንዲሁ ተለውጠው ሄደዋል። መቼም ይህን ሁሉ ጎልማሳ መለወጥ ለአንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቀላል ሥራ አይደለም።

3ኛ. ለልጄ ስለ ሰጧት ትምህርት አመሰግናለሁ። መንደር ሳለች እንግዳ ሲመጣ ከእናቷ ቀሚስ ኋላ ትሸጎጥ ነበር። ዛሬ የማታውቀው ሰው በር ሲገባ ሮጣ ታቅፋለች፤ ሲሰናበትም ታለቅሳለች። አሟሟቴን ለእንግዶቹ ስትተርክም ቆሜ አየሁ። በእንግሊዝኛ ስለ ነበር ቃሉ አልገባኝም፤ እጇ ከላይ ወደ ታች ሲወርድ ግን የወደቅኩት እኔ እንደ ሆንኩ ገባኝ። ስጠራት ቀረብ ብላ በጆሮዬ፣ «አባዬ፣ እባክህ ሰዎቹ እስኪሄዱ ሙት። አለዚያ እራት አይሰጡኝም» አለችኝ።

ሞትኩላት። እስኪሄዱ ድረስ አጥሩ ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ሞቼ ተቀመጥኩ። ይህችን እንኳ በቀልድ ላልፋት ሞክሬ አቅቶኛል።

4ኛ. «ለዳሳይን በዓል ልውሰዳት፣ እንደ ወጉ ግንባሯን በቀይ ሩዝ ቀብቼ ልመርቃት» ብዬ ስለምንዎ፣ ያንን ወረቀት አውጥተው «ልጅ የሚረከበው አባት ነው፤ አባቷ ደግሞ ሞቷል» ብለው በትዕግሥት ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። ሕግ አክባሪነትዎ ያስቀናል። ጉዳዩን ለባለቤቴ ስነግራት፣ «ለካ ሞተህ ነው እንጨት የማትፈልጠው! እኔስ ያገባሁት ማንን ነው? እሱስ ይፈልጣል?» ብላ ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ሁለት ቀንም እህል አልቀመሰችም።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ በዓሉ ሊገባ አምስት ቀን ሲቀረው፣ እኔና ባለቤቴ ከአሥራ አንዱ ጎረቤቶቼ ጋር በርዎ ላይ እንገኛለን። የምንመጣው ልጆቻችንን ልንወስድ ነው እንጂ ልንለምን አይደለም። በጎ ፈቃደኞቹም በዕለቱ እንዲገኙልን በትሕትና እንጠይቃለን፤ ሎተ ገና አገሯ ካልገባች እሷም ብትኖር ደስ ይለናል።

ሬሳ ሊያሳየው ከሚችለው አክብሮት ሁሉ ጋር፣

ጃያላል ሮካያ
መምህር፣ ሟች፣ የቢስና አባት

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ ከደረሰዎት በኋላ ልጄ አንዲት ማታ እንኳ ያለ እራት ብታድር እሰማለሁ። በዕለቱም በሩን ቆልፈው ፖሊስ ለመጥራት ካሰቡ፣ ከመደወልዎ በፊት በእጅዎ ያለውን ወረቀት አንድ ጊዜ ያንብቡት፤ ሙት አይከሰስም።